«ጠንካራ ነው» ይለኝ የነበረ ሰው

የጋሽ ደስታን ማረፍ የነገረችኝ እህቱ እትዬ ጥሩነሽ ናት፤ ከዋጫ ደውላ። ስልኩን ሳነሳ አንድ የተበላሸ የውሃ ፓምፕ ጭኔ ላይ አስቀምጬ እየፈታሁ ነበር። «ኢንጂነር፣ ወንድሜ ትናንት ደከመኝ ብሎ ተኛ፤ አልነቃም» አለችኝ። ወዲያው «ቀብሩ ነገ ነው። መንገዱ ጭቃ ነው፤ እንዳይቸገሩ። ባይመጡም አንቀየምዎትም» ብላ ጨመረች። በዚያ ሰዓት እንኳ ሰው እንዳይቸገር የምታስብ፣ የሱው እህት! ሄድኩ እንጂ፤ እንዴት አልሄድም?

ስለ እሱ ከመጻፌ በፊት ስለ ራሴ ጥቂት ልበል፤ አለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። መካኒክነትም ማንም አላስተማረኝም፤ ፈትቼ፣ ገጥሜ፣ እንደገና ፈትቼ ነው የተማርኩት። ከቦንጋ እስከ ዋጫ፣ በወዲያ በኩል እስከ ደካ ድረስ መኪና መንገድ ላይ ሲቆም የሚጠራው የእኔ ስም ነው። ተምረው የመጡ ልጆች ኮምፒውተር ሰክተው ያላገኙትን ብልሽት እኔ ጆሮዬን ሞተሩ ላይ ደግኜ ያገኘሁበት ጊዜ ብዙ ነው። ከተማው ራሱ ነው «ኢንጂነር» ያለኝ እንጂ እኔ ጋራዤ በር ላይ አልጻፍኩትም። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ መነጽር አላደርግም።

ጋሽ ደስታ የካፋ ልጅ ነው። አማርኛን የተማረው ትምህርት ቤት ገብቶ ነው። ለዚህ ይሁን ለሌላ አላውቅም፣ ሰውን ሁሉ «እርስዎ» ይል ነበር። የባጃጅ ሾፌሩን እርስዎ፣ ቆጮ የምትሸጥለትን ሴት እርስዎ። እኔን በሁለት ዓመት ይበልጠኛል፤ እኔ አንተ ስለው እሱ እርስዎ እያለኝ ስንት ዘመን ኖርን። «አንተ በለኝ እንጂ፣ ሽማግሌ አደረግኸኝ እኮ!» ስለው «ይሁን እስቲ፣ እለምደዋለሁ» ይላል። አልለመደውም።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮቱን እስከ ላይ የሚቆልፍ ሰው ነበር። መዝገብ ቤት ሠርቶ ነው ጡረታ የወጣው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር የሰማ የለም። አንድ ቀን ሚኒባስ ውስጥ አንድ ጎረምሳ በቡትስ ጫማው እግሩን ጭፍልቅ አድርጎ ረገጠው። ጋሽ ደስታ ምን አለ? «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እግሬ መንገድ ዘግቶብዎት ነው።» በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሌላ ቀን ደግሞ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጠን አስተናጋጇ ተሳስታ በስኳር ፋንታ ጨው ጨምራ አመጣችለት። ጠጣው። እስከ ጭላጩ ጠጣው። ወዲያው በሚቀጥለው ጠረጴዛ ያለው ሰውዬ አንዴ ፉት ብሎ ተፋና ቤቱን በጩኸት አናጋው። ልጅቷ ደንግጣ ወደኛ መጣች፤ የጋሽ ደስታን ባዶ ብርጭቆ አየች።

«እርስዎ እንዴት ጠጡት?»

«ደክመው ያመጡትን እንዴት ልመልስብዎት?» አላት።

እኔ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። ይህ ይሉኝታው በእኔም ላይ እንደሚሠራ አላሰብኩም።

መኪና ነበረው። ያቺን መኪና የማያውቅ የቦንጋ ሰው የለም። ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ የደረሰ፣ ቀለሟ ከቀይ ወደ ሮዝ የደበዘዘ የጣሊያን የእሽቅድድም መኪና ናት። ጋሽ ደስታ በወጣትነቱ መንገድ ያሠራ ለነበረ አንድ ፈረንጅ ሾፌር ነበር፤ ፈረንጁ ወደ አገሩ ሲሄድ ትቶለት ሄደ። እሱም እንደ ዓይኑ ብሌን ሲጠብቃት ኖረ። ሞተሯ ሲነሳ ከገበያው ማዶ ይሰማል። በየቅዳሜው ዋጫ ወርዶ ያሳደገችውን ታላቅ እህቱን እትዬ ጥሩነሽን የሚጠይቀው በሷ ነው። እትዬ ጥሩነሽ ዓይኗ በሞራ ከተሸፈነ ቆይቷል፤ ወንድሟ መምጣቱን የምታውቀው በመኪናዋ ድምፅ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ፍሪሲዮኗ ማንሸራተት ጀመረ። ዳገት ላይ ሞተሯ ይጮኻል፤ እሷ ግን አትሄድም። የተቃጠለ ሸራ ሽታ መንደሩን ይሞላዋል። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ ሰው ላክሁ፤ ለሷ የሚሆን ዕቃ ከጠፋ ዘመን አልፎታል። ሌላ መካኒክ ቢሆን «ሽጣት» ይለው ነበር። እኔ ግን ሦስት ቀን አሰብኩ።

ለማያውቅ ልንገር። ፍሪሲዮን ሞተሩንና ማርሹን የሚያጨባብጥ ነገር ነው። አንድ ሳህን ሞላ በሚባል የብረት ጥቅልል ጉልበት ሸራውን፣ ማለትም ሻካራውን ልባስ፣ ይጫነዋል፤ አጥብቆ ከያዘው መኪናው ይሄዳል። ሾፌሩ ፔዳሉን በግራ እግሩ ሲረግጥ ያን ሞላ ነው የሚታገለው። እኔ የአንድ አሮጌ የጭነት መኪና ሳህን ከነሞላው አገኘሁ። ቶርኖ ቤት ወስጄ ዙሪያውን አስቀነስኩት፣ ቀዳዳውን እንደገና አስበሳሁት፣ ሸራውን በገዛ እጄ መታሁ፣ ገጠምኩት። ፋብሪካ የሠራው መሰለ! የሚያስቸግራትን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ወጣች። ዛሬም ይህን የሚሠራ ሰው ካለ አምጡልኝ። እኔ ራሴ ጋራዡ በር ላይ ሁለት ጊዜ ረገጥ ረገጥ አድርጌ ሞከርኩትና አስረከብኩ።

በሳምንቱ ጋሽ ደስታ ብቅ አለ።

«እህሳ፣ ፍሪሲዮኑ እንዴት ነው?»

«ጠንካራ ነው» አለኝ።

«አላልኩህም!»

«እጅግ ጠንካራ ነው፣ ኢንጂነር።»

«ገና ሃያ ዓመት ይሄዳል። የልጅ ልጅህ ይነዳዋል።»

በወሩም ተመልሶ መጣ። «ያው ጠንካራ ነው» አለኝ። ትከሻውን መታ መታ አድርጌ ሸኘሁት። በሌላ ጊዜ ደግሞ ጉሮሮውን ጠረገና «ምናልባት ይህን ያህል ባይጠነክርስ?» አለኝ። ጋራዡ ውስጥ ደንበኞች ነበሩ፤ ወደነሱ ዞሬ «ሥራህ ጠነከረብኝ የሚል ደንበኛ ዛሬ አየሁ!» ብዬ አሳቅኳቸው። እሱም አብሮ ሳቀ። ለካ ሲያመሰግነኝ አልነበረም። እኔ ጠንካራ ሲለኝ የሰማሁት የማይበጠስ፣ የማይሰበር የሚለውን ነው። እሱ የሚለኝ አልረገጥ አለኝ ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ ከሁለቱ ትርጉም የሚጣፍጠኝን ወስጄ ሁለት ዓመት ተቀመጥኩ።

ምልክቱ አልነበረም አልልም። ጋራዤ በር ላይ ሲደርስ ሞተሩን አጥፍቶ አምስት ደቂቃ መኪናዋ ውስጥ ይቀመጣል፤ መውረዱን አልወደደውም ብዬ አስብ ነበር። ከዘራ መያዝ ጀመረ፤ የጡረተኛ ወግ ነው አልኩ። ባጃጆቹ መንገዱን ሳይሞሉት በጠዋት ይወጣል፤ ዳገት ላይ መቆም እንዳይመጣበት ሩቁን መንገድ ዞሮ ይሄዳል። ሌላ ጋራዥ ለምን አልሄደም? ቢሄድ እኔ እሰማለሁ፤ ብሰማ እቀየማለሁ። ይህን ማድረግ አይችልም። እንዲህ አድርገን እኔና ይሉኝታው መኪናዋ ውስጥ ዘግተንበት ኖርን።

የዓይን ሐኪሞች ከሌላ ከተማ መጥተው ቦንጋ ለሦስት ቀን ሞራ ይገፍፋሉ የተባለው በዚያን ጊዜ ነው። እትዬ ጥሩነሽ ተመዝግባለች። ሐኪሞቹ የገቡት ሮብ ነው፤ ዓርብ ሠርተው ይሄዳሉ። ተመልሰው መቼ እንደሚመጡ የሚያውቅ የለም። ቤንዚን ደግሞ ከከተማው ከጠፋ ሰንብቷል፤ የዋጫ ሚኒባሶች ቆመዋል። ሐሙስ ጠዋት ቦቴ ገባ ተባለና ከተማው ሁሉ ወደ ማደያው ተመመ። ጋሽ ደስታ ጋራዤ መጣ።

«ሥራ ከሌለዎት አብረውኝ ቢቀመጡ? ባትሪዋ ደክሟል፤ ሰልፍ ላይ ከጠፋችብኝ አትነሳልኝም። ዛሬ ካልቀዳሁ ነገ ጥሩነሽን የማመጣበት የለኝም።»

ሄድኩለት። የማደያው ሰልፍ ዳገቱን ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል። ከፊታችን ሚኒባስ፣ ከኋላችን አይሱዙ፣ በግራ ጥልቅ ቦይ፣ በቀኝ እንደ ግንብ የተጠጋጉ ባጃጆች። የገባ አይወጣም። ካፊያው ቀኑን ሙሉ ይወርዳል፤ መስታወቱ በትንፋሻችን ታፍኗል። ባጃጆቹ እኛን አግኝተው እንዴት ዝም ይበሉ!

«ፋዘር፣ ውድድሩ መቼ ነው?»

«ተዋት፣ አሁን ከተነሳች ጅማ ላይ ነው የምትቆመው!»

ጋሽ ደስታ በመስታወቱ በኩል እጅ ይነሳቸዋል።

አምስት እርምጃ ሄደን እንቆማለን። አስር ደቂቃ ቆይተን ሦስት እርምጃ። በኋላ ጭራሽ ቆመ። አንዲት የተቀቀለ በቆሎ የምትሸጥ ሴት በሚኒባሱና በእኛ መካከል ጃንጥላዋን ዘርግታ ድስቷን አስቀመጠችና ተቀመጠች። እኔ ስለ ደካው ወፍጮ እያጫወትኩት ነበር፤ ሦስት መካኒክ አቅቶት እኔ በአንድ ከሰዓት ያስነሳሁትን። እሱ «እህ፣ እህ» ይላል።

የወፍጮውን ጉዳይ ሳላጋምስ በመኪናዋ ቁልፍ ላይ የተንጠለጠለው ሰንሰለት ሲንቀጠቀጥ አየሁ። የሞተሩ ንዝረት ነው ብዬ አዳመጥኩ። አይደለም፤ የሞተር ንዝረት አውቃለሁ። የሚንቀጠቀጠው ጋሽ ደስታ ነው። ወደ ታች አየሁ። መሪውን ለቆ በሁለት እጁ ግራ ጉልበቱን ወደ ታች ተጭኖታል። ፊቱ ላብ በላብ ሆኗል። ቀኝ እግሩ ፍሬን ላይ፣ ግራው ፍሪሲዮን ላይ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ከነማርሹ ረግጦ ይዞታል!

«ማርሹን አውጥተህ እግርህን አታሳርፍም እንዴ?»

«ካነሳሁት ሁለተኛ አይወርድልኝም ብዬ ነው» አለኝ። ቀጥሎም በዚያው ዝግ ባለ ድምፁ «ኢንጂነር፣ እባክዎ ያቺን ሴትዮ ከፊታችን ዞር እንዲሉ ይንገሩልኝ። አይቆጧቸው ብቻ። እግሬ ሊያመልጠኝ ነው» አለ።

የማርሹን ዘንግ ያዝኩና ጎተትኩ። ፔዳሉ ግማሽ ድረስ ተመልሶ ስለነበር ማርሹ ነክሷል፤ ንቅንቅ አላለም። መኪናዋ ልትዘል መንገጫገጭ ጀምራለች። እጄን ወደ ቁልፉ ሰደድኩ።

«አያጥፏት! ከጠፋች አለቀ፤ ጥሩነሽ እንደታወረች መቅረቷ ነው!»

አንገቴን በመስኮት አወጣሁ። «እናት፣ ተነሺ! ተነሺ ከዚያ!»

«የት ልሂድልህ? ከጠዋት ጀምሮ ስንዝር ያልሄደ መኪና ዛሬ እኔን ሊገጭ ነው?» አለችኝ፤ በቆሎዋንም አላነሳች።

ሌላ ማድረግ የሚቻል ነገር አልነበረም። በጋሽ ደስታ ጭን ላይ ተዘርግቼ ጭንቅላቴን በመሪው ስር አስገባሁና ፔዳሉን በሁለት እጄ ያዝኩት። «ልቀቅ!» አልኩት። እግሩን አነሳ። ያ ሁሉ የጭነት መኪና ሞላ በአንድ ጊዜ ክንዴ ላይ መጣ።

ምን ልበላችሁ። እኔ በጉልበቴ የምታማ ሰው አይደለሁም፤ ካምቢዮ የሚባለውን የማርሽ ሳጥን ብቻዬን አንስቻለሁ። ግን ፊቴ ወለሉ ምንጣፍ ላይ ተለጥፎ፣ ትከሻዬ በመሪውና በበሩ መካከል ተቀርቅሮ፣ መነሳትም መልቀቅም ሳልችል ክንዴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፔዳሉ እስከ ወለሉ አልወርድልህ አለኝ። ውጭ ባጃጆቹ ተሰብስበዋል። «ምን እየሠሩ ነው እነዚህ ሽማግሌዎች?» ይላል አንዱ። «ነዳጁን በአፋቸው ሊስቡት ነው!» ይላል ሌላው። ከዚያ ጨለማ ውስጥ ሆኜ ከአፌ ያመለጠኝን ልጻፈው።

«ጋሽ ደስታ፣ ይሄ ፍሪሲዮን ጠንካራ ነው።»

ከላይ በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀው የጋሽ ደስታ ድምፅ ጮኸ።

«አንተ ሰውዬ! ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ስልህ ነበር!»

አንተ አለኝ። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ። ጩኸቱን ስትሰማ ነው መሰለኝ ሴትዮዋ ድስቷን ታቅፋ የሮጠችው። እኔም በደረቴ ፔዳሉ ላይ ወደቅሁበትና ወለሉን ነካ። ጋሽ ደስታ ማርሹን ሳበው፤ ወጣ። ሞተሯ አልጠፋችም። ሴትዮዋ ከጎማው ስር ድንጋይ አስገባችልን፤ ስድቡን ግን አልተወችንም።

ቦታ ተለዋወጥን። እሱን ደግፌ ሳወርደው ግራ እግሩን አያጥፈውም፤ እንደ እንጨት ደርቋል። ቀሪውን ሰልፍ እኔ ነዳሁ። ሠርቼው ተቀምጬበት የማላውቀውን ነገር ያን ቀን ተቀመጥኩበት። ሠላሳ ጊዜ ረገጥኩት ይሆናል፤ ማደያው ስንደርስ ጭኔ የእኔ አልነበረም። እሱ ይህን በየቅዳሜው ዋጫ ደርሶ መልስ ሲያደርገው ከርሟል። አጠገቤ ተቀምጦ ምን ይለኛል? «ይቅርታ፣ አስቸገረችዎ።» ወደ እርስዎ ተመልሷል።

በማግሥቱ ዓርብ ጎህ ሲቀድ ዋጫ ወረድን፤ እኔ ነድቼ፣ እሱ እግሩን ዘርግቶ። እትዬ ጥሩነሽን በሁለት በር መኪና የኋላ ወንበር ላይ ማስገባት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። «ይህ መኪና ነው ጆንያ? በየት በኩል ነው አፉ?» እያለች፣ ወንበሩን አጥፈን፣ ጎንበስ አድርገን ከተትናት። መንገዱን ሁሉ «ደስታ ዛሬ አነዳድህ ተበላሽቷል፤ ታንገጫግጫለህ» ትለዋለች። እሱ «መንገዱ ነው» ይላታል። እኔ መሆኔን አልነገራትም፤ እንዳላፍር ነው። ሐኪሞቹ የመጨረሻዎቹን ሰዎች ሲያስገቡ ደረስን፤ ተሠራላት።

ፍሪሲዮኑን በሳምንቱ ፈትቼ ሞላውን ቀየርኩት። አሁን ሕፃን ልጅ የሚረግጠው ነው፤ አያንሸራትትም፤ ከፊተኛው የሚበልጥ ሥራ ነው። ጋሽ ደስታ ግን መኪናዋን ዳግም አልነዳትም። ጉልበቱን ያየው ሐኪም ውስጡ ተበልቷል፣ ከእንግዲህ መኪና የሚባል እንዳትነካ አለው። ያለ መኪና በየሳምንቱ መመላለስ ስለማይሆንለት የቦንጋውን ቤት ለቆ ዋጫ እህቱ ዘንድ ገባ፤ እዚያው አረፈ።

የማልረሳው ግን የሕክምናውን ማግሥት፣ የቅዳሜዋን ጠዋት ነው፤ እትዬ ጥሩነሽ ፋሻው የተፈታላት ዕለት። ነርሷ ፋሻውን አነሳችላት። እትዬ ጥሩነሽ ዓይኗን ጨፈን ገለጥ አደረገች፤ እጇን አየች፤ መስኮቱን አየች። ጋሽ ደስታ በር ላይ ቆሞ ነበር። «ና እስቲ» አለችው። ከበሩ እስከ አልጋዋ መጣ። ስንት ዓመት በድምፁ ብቻ ስታውቀው የነበረውን ወንድሟን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ሸብተሃል» አለችው፤ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

«ቆይ፣ እስቲ ወደ በሩ ሂድ።» ሄደ። «ተመለስ።» ተመለሰ።

«ግራ እግርህን ማን ነው እንዲህ ያደረገብህ?»

እኔ ከአልጋው በወዲያ በኩል፣ በግድግዳውና በመድኃኒት ጠረጴዛው መካከል ነበርኩ። መውጫው በነሱ በኩል ነው። ጋሽ ደስታ ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለም።

«እርጅና ነው፣ ጥሩዬ» አላት።

እጁን ይዛ ቀና ስትል አየችኝ።

«ኢንጂነሩ እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ስምዎን ሳይጠራ የዋለበት ቀን የለም። ያቺን መኪና እርስዎ ባይሠሩለት ኖሮ በምን ይመጣልኝ ነበር? እጅዎ ይባረክ።»

ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። «አሜን» አልኳት።